የታመመው ማን ነው? «እብደት»፣ የፖለቲካ ጠላትነትና የአደባባይ ግፍ ከላስታ ደጋ ሲታዩ
(ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ሦስት ነገሮችን ያገናኛል፤ የአእምሮ ሕመምን፣ የፖለቲካ ጠላትነትን፣ በአደባባይ የሚፈጸም ግፍን። ሦስቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲነገሩ ብዙ ጊዜ አንድ መደምደሚያ ተከትሏቸው ይመጣል፦ «ይህን ያደረገ ሰው ጤነኛ ሊሆን አይችልም» የሚል። ንግግሬ ይህን መደምደሚያ ይመረምራል። መደምደሚያው የግፍን መንስኤ እንደሚሸፍንና ዕዳውንም በግፉ ውስጥ እጁ በሌለበት በሕመምተኛው ላይ እንደሚጭን ለማሳየት እሞክራለሁ። በተለይ «እ.ኤ.አ.» ካላልኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ግሦች

በአማርኛችን ከሥርዓት የወጣን ሰው የምንገልጽባቸው ሁለት የቆዩ ግሦች አሉ። አንዱ «ሸፈተ» ነው፤ ሌላው «አበደ» ነው። ሁለቱም ሰዎች ከቤታቸው ይወጣሉ፤ ሁለቱም ከሕግና ከወግ ይርቃሉ። ነገር ግን ሕዝቡ አንዱን ከሌላው ጋር አላምታታም። የሸፈተው ሰው ጫካ ገባ ይባላል። በደሉ ይታወቃል፣ ጥያቄው ይታወቃል፣ ሽማግሌ ይላክበታል፣ ምሕረት ይጠየቅለታል፣ አንዳንዴም ተመልሶ ይሾማል። ያበደው ሰው ደግሞ ጨርቁን ጣለ ይባላል። ጥያቄ ስለሌለው ሽማግሌ አይላክበትም፤ ጠበል ይወሰዳል፣ ይጸለይለታል፣ ወይም ይታሰራል። ቋንቋው የፖለቲካን ሰውና የሕመምን ሰው ለይቶ አስቀምጧል።

በዘመናችን የፖለቲካ ንግግር ይህ ድንበር ፈርሷል። ተቃዋሚው መንግሥትን «ያበደ» ይለዋል፤ የመንግሥት ደጋፊው ተቃዋሚውን «አማኑኤል የሚገባው» ይለዋል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ክርክርም ከዚህ የተለየ አይደለም። አማኑኤል ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመና ለብዙ አሥርት ዓመታት ለመላው አገር የአእምሮ ሕክምና ዋነኛ መጠጊያ ሆኖ የኖረ ተቋም ነው። የአንድ ሆስፒታል ስም ስድብ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ልጇን ይዛ ከላስታ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ እዚያ የምትደርስ እናት፣ በሩ ላይ የተጻፈውን ስም ከዚያ በፊት ሰምታው የምታውቀው በስድብነቱ ነው።

«ያበደ» የተባለ ሰው ጥያቄው አይሰማም፤ የእብድ ጥያቄ የለምና። ስለዚህ ቃሉ ከስድብነቱ ባሻገር የድርድርን በር የሚዘጋ መሣሪያ ነው። ሽማግሌ መላክ የሚገባበትን ጉዳይ ሰንሰለት የሚገባበት ያደርገዋል።

ላስታና የመቅደላው ንጉሥ

ይህ ክርክር በአገራችን ታሪክ ውስጥ ትልቁን ቦታ የያዘው በዐፄ ቴዎድሮስ ዙሪያ ነው። በዘመኑ የነበሩ የአውሮፓ ጸሐፊዎች በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት የተፈጸመውን ሁሉ በእብደት መተርጎም ይወዱ ነበር። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሄንሪ ብላንክ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ነበር፤ የምርኮውን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1868 አሳትሟል። ስለዚህ ንጉሡን በሩቅ ሆነው ከመረመሩት ይልቅ የብላንክ ምስክርነት ክብደት አለው። ነገር ግን ብላንክ የንጉሡ እስረኛ ነበር። እስረኛ ያሰረውን ሰው ጤንነት ሲመረምር፣ ሐኪምነቱና ፍርሃቱ ተለያይተው አይታዩም።

የታሪኩን ቅደም ተከተል እንይ። ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ነገሡ። ተወዳጅ ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሞቱ፤ ብዙ ምንጮች ከዚያ በኋላ ጠባያቸው እንደተለወጠ ይናገራሉ። ወዳጆቻቸው ፕላውደንና ጆን ቤል እ.ኤ.አ. በ1860 ተገደሉ። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ለንደን ደርሶ መልስ ሳያገኝ ቀረ። በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉ ካሜሮን ታሰረ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በመቅደላ ራሳቸውን ገደሉ። ሐዘን፣ ክህደት፣ ውርደት፣ ቁጣ፣ በመጨረሻም ራስን መግደል፤ እንዲህ ተደርድሮ ሲቀርብ የአንድ ሰው የሕመም ታሪክ ይመስላል።

አሁን ያንኑ ዘመን ከዚህ ከላስታ ሆነን እንየው። ዋግሹም ገብረ መድኅን በቴዎድሮስ ትእዛዝ ተሰቅለው ሞቱ። ልጃቸው ዋግሹም ጎበዜ ሸፈቱ፤ ላስታንና ዋግን ይዘው የንጉሡን ግዛት ከሰሜን ምሥራቅ ቆረጡ። ከቴዎድሮስ ሞት በኋላም ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው እስከ 1863 ዓ.ም. ነገሡ። ለዋግሹም ጎበዜ የቴዎድሮስ ግፍ የሕመም ምልክት አልነበረም። አባት የተገደለበት፣ ደም የሚመለስበት፣ ዙፋን የሚጠየቅበት ፖለቲካ ነበር። ላስታ ውስጥ ያለ ገበሬም የሚያየው የተራበ ሠራዊት ሲመጣ፣ ጎተራ ሲራቆት፣ ከብት ሲነዳ ነው። የዘመቻውን ምክንያት በንጉሡ ራስ ውስጥ መፈለግ አላስፈለገውም።

መንስኤዎቹም የታወቁ ናቸው። ቴዎድሮስ አገሪቱን በአንድ ማእከል ሥር ለማድረግ ሲነሡ የየአካባቢውን መሳፍንት ጥቅም ነኩ። የቤተ ክርስቲያንን መሬት ለመቀነስና የሚያገለግሉትን ካህናትና ዲያቆናት ቁጥር ለመወሰን ሲሞክሩ ከካህናቱና ከአቡነ ሰላማ ጋር ተጣሉ። ሠራዊቱን በደመወዝ ለማኖር የሚበቃ ገቢ ስላልነበራቸው ሠራዊቱ ወደ ዘረፋ ተመለሰ፤ ዘረፋው ዐመፅን ወለደ፤ ዐመፁ ቅጣትን ጠራ፤ ቅጣቱ ሠራዊቱን አሸሸ። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጡ፣ የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት አምላጩን አሳልፋለች ተብሎ መያዣ የነበረው ልጇ ከሌሎች ጋር ተገደለ። ይህ የሚዘገንን ድርጊት ነው፤ ግን አመክንዮው ግልጽ ነው። መያዣ የሚያዝበት ሥርዓት መያዣው የሚገደልበትን ቀን አብሮ ይዞ ይመጣል።

ዶናልድ ክረሚ የተባለው የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ የቴዎድሮስን የኃይል ድርጊት ራሱን የቻለ የጥናት ርእስ አድርጎ መርምሮታል። የአገራችን ደራስያንም ከግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተውኔት እስከ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ድረስ ንጉሡን «እብድ» ከሚለው ስም አላቅቀዋቸዋል። ይሁን እንጂ ከእብድነት ወደ ጀግንነት ስንሻገር የጎንደር ቃጠሎ፣ ከመቅደላ ገደል የተወረወሩት እስረኞችና የላስታ ገበሬ ጎተራ በሁለቱም ትረካዎች ውስጥ ተሸፍነው ቀሩ። እብድ ነው ያለው ትረካ ግፉን ከምክንያቱ ይለየዋል፤ ጀግና ነው ያለው ትረካ ግፉን ከተጎጂው ይለየዋል።

«እንግዲያው ቴዎድሮስ ታመው ነበርን?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ከ150 ዓመት በፊት የሞተን ሰው በጠላቶቹና በወዳጆቹ ወሬ መመርመር የሕክምና ሥራ አይደለም እላለሁ። ከዚያ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ታመው ነበር ብንል እንኳ፣ አንድ ሰው ብቻውን ጎንደርን አያቃጥልም። ችቦ የያዘ ወታደር፣ ትእዛዝ ያስተላለፈ አለቃ፣ ምርኮ የተካፈለ ጭፍራ፣ ዝም ያለ መኳንንት ያስፈልጋል። የአንድ ሰው ሕመም የብዙ ሺህ ሰዎችን ታዛዥነት አያስረዳም። ለአደባባይ ግፍ ምክንያት ስንሻ የምንመረምረው ይህን ታዛዥነት ነው።

ትርጓሜው ማንን እንደጠቀመም ልብ በሉ። የእንግሊዝ መንግሥት ለአንድ ዘመቻ 13 ሺህ ያህል ወታደር አንቀሳቅሶ ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ አወጣ። «ደብዳቤውን ለምን አልመለሳችሁም?» ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የሚቀለው መልስ ንጉሡ እብድ ነበር ማለት ነው። እብድ ለጻፈው ደብዳቤ መልስ አለመስጠት እንደ ጥፋት አይቆጠርም።

መንግሥት ሐኪም ሲሆን

ሌላውና የከፋው መንገድ መንግሥት ራሱ ምርመራውን በእጁ ሲይዝ ነው። በሶቪየት ኅብረት ሥርዓቱን የተቹ ሰዎች «ዝግተኛ ስኪዞፍሬንያ» በሚል ምርመራ ወደ አእምሮ ሆስፒታል ይገቡ ነበር። የምርመራው መሠረት የሞስኮው ፕሮፌሰር ስኔዥኔቭስኪ ትምህርት ነበር። በዚህ ትምህርት መሠረት ሕመሙ ምንም ጉልሕ ምልክት ሳያሳይ ሊኖር ይችላል። «ሥርዓቱን የማሻሻል ሐሳብ» ራሱ እንደ ምልክት ተቆጠረ። የሶቪየት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከዓለም ማኅበር ሊባረር ሲል እ.ኤ.አ. በ1983 በራሱ ወጣ፤ ተመልሶ የገባው በ1989 ነው።

በአገራችን ይህ ሥርዓት ሥር አልሰደደም። ምናልባት ያዳነን የሐኪሞቹ ማነስ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ ሥርዓቶች ተቃዋሚን ለማስወገድ ሆስፒታል አላስፈለጋቸውም። በቀይ ሽብር ዘመን «ፀረ አብዮተኛ» የሚለው ስም ይበቃ ነበር። በቅርቡ የጦርነት ዓመታት ግን ከየወገኑ የተሰሙት ቃላት ከሕክምናና ከእርሻ የተወሰዱ ነበሩ፤ «ካንሰር»፣ «ነቀርሳ»፣ «አረም»። ካንሰር አይደራደሩትም፣ ይቆርጡታል፤ አረምን አይጠይቁትም፣ ይነቅሉታል። ቃሉ ሲመረጥ የሚከተለው ድርጊትም አብሮ ተመርጧል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ብቻ ሳይወሰን በአካል ጉዳተኝነት ላይ የተመሠረተ የጥላቻ ንግግርንም ይከለክላል። ሕመምን የስድብ መዝገብ ማድረግ ግን እስካሁን ነቀፌታ እንኳ የሚያስከትል ነገር አይደለም።

ጥናቱ ምን ይላል?

አሁን ከተሳዳቢዎቹ ወደ ሕመምተኛው እንመለስ። በአገራችን ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለን የተሻለ ዕውቀት የመጣው ከቡታጅራ ነው። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም፣ ደረጀ ከበደና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት ጠይቀው፣ ስኪዞፍሬንያና ሌላ ከባድ ሕመም ያለባቸውን ለይተው ለዓመታት ተከታተሉ። ከተለዩት አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ ነበሩ።

በኋላ በአበባው ፈቃዱና በባልደረቦቹ የታተመው የ10 ዓመት ክትትል የሚያስደነግጥ ውጤት አሳይቷል። ክትትል ከተደረገላቸው 919 ሰዎች 121ዱ ሞተዋል። የሞት መጠኑ ከአካባቢው ሕዝብ በእጥፍ ይበልጣል፤ የሞቱትም ሊኖሩት ከሚገባቸው ዕድሜ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድመው ነው። ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። ራስን ማጥፋት፣ አደጋና በሰው እጅ መገደልም ከተለመዱት ምክንያቶች ነበሩ። በዚያው አካባቢ ቀደም ሲል በቤተሰቦቻቸው ላይ በተደረገ ጥናት ደግሞ ከአራቱ ሦስት ያህሉ በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደደረሰባቸው ወይም እንደሚሰማቸው ተናግረዋል።

ሐቁን ሳልሸራርፍ መናገር አለብኝ። በቡታጅራ የተደረገ ሌላ ንጽጽር ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ጥቃት የመፈጸም ዕድላቸው ከጎረቤቶቻቸው ከፍ እንደሚል፣ ጥቃት የሚደርስባቸው መሆኑም እንዲሁ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ሁለቱም እውነት ነው። ያልታከመ ሕመም መጠጥና ሱስ ሲጨመርበት አደጋ አለው። ነገር ግን በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ ከሚፈጸመው ጠቅላላ የኃይል ድርጊት የዚህ ሕመም ድርሻ ምን ያህል ነው? በአሜሪካ የጄፍሪ ስዋንሰን ጥናቶች 4 በመቶ ገደማ አድርገውታል። ማለትም ከባድ የአእምሮ ሕመም ሁሉ በአንድ ሌሊት ቢጠፋ፣ ከመቶው የኃይል ድርጊት 96ቱ በነበረበት ይቀጥላል። ያ ቁጥር የሰላም ጊዜ ቁጥር ነው። የተደራጀ ጦርነት ባለበት አገር፣ ትእዛዝ ተሰጥቶ፣ ስንቅ ተሰንቆ፣ ጥይት ታድሎ በሚፈጸም ግድያ ውስጥ የሕመምተኛው ድርሻ ከዚያም ያነሰ እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ጦር ሠራዊት የታመመ ሰው አይመለምልም። ግፍ በብዛት የሚፈጸመው በጤነኞች ነው።

ይህ ለመስማት የሚከብድ መደምደሚያ ነው። «እብዶች ናቸው» ማለት ያጽናናናል፤ እነሱ ሌላ፣ እኛ ሌላ እንድንሆን ያደርገናልና። ጤነኛ ሰው በመንጋ መካከል፣ በአለቃ ትእዛዝ፣ በተደጋገመ ጥላቻ ተሞልቶ ጎረቤቱን ሊገድል እንደሚችል መቀበል ግን ስለ ራሳችን እንድንጠይቅ ያስገድደናል።

ላሊበላ፣ የሰዓት እላፊና የታመመው ሰው

አሁን ነገሩን ወደ ራሳችን ምድር ላምጣው። ላሊበላ በሐምሌ 2013 መጨረሻ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ 2014 ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረች። መብራት፣ ስልክና ባንክ ለወራት ተቋረጡ። የሰሜን ወሎና የደቡብ ወሎ ጤና ተቋማት ተዘረፉ። ጥቅምት 2015 ላይ የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ፤ ዓመት ሳይሞላ ግን ሌላ ግጭት ተነሣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልሉ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በነሐሴ 2015 የሰዓት እላፊ ገደብ ከተጣለባቸው ስድስት የክልሉ ከተሞች አንዷ ላሊበላ ነበረች።

የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 በላንሴት መጽሔት ባወጡት ግምት፣ ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ ሰዎች 22.1 በመቶው በማንኛውም ጊዜ አንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም አለባቸው፤ 5.1 በመቶው ከባድ ነው። ይህን ቁጥር ስትሰሙ ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ ከአምስቱ አራቱ አልታመሙም፤ «የተጎዳ ሕዝብ» እያልን ሕዝቡን በሙሉ ሕመምተኛ ማድረግ ጥያቄውን መንጠቅ ነው። መንገድ ይከፈት፣ ትምህርት ቤት ይጠገን፣ ገዳይ ይጠየቅ የሚል ሰው የሚሻው ፍትሕ ነው፤ የምክር አገልግሎት ምትኩ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ከአምስቱ አንዱ በእርግጥ ታሟል። ለእሱ ደግሞ ፍትሕ ብቻውን አይበቃውም፤ እንቅልፍ፣ መድኃኒትና የሚያዳምጠው ሰው ያስፈልገዋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ከጦርነቱ በፊትም ታሞ የነበረው ነው። ስኪዞፍሬንያ ያለበት ሰው ፍሉፌናዚን የተባለውን መርፌ በየወሩ ገደማ እየወሰደ እርሻውን ሊያርስ፣ ቤተ ክርስቲያን ሊስም ይችላል። መንገድ ሁለት ወር ሲዘጋ መርፌው ይቀራል። ድምፅ መስማቱ ይመለሳል፤ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ሰውየው ሌሊት ይወጣል። ሌሊቱ ግን የሰዓት እላፊ ሌሊት ነው። «ቁም!» ሲባል ትእዛዙን ከሌሎቹ ድምፆች ለይቶ ላይሰማው ይችላል። «ማን ነህ?» ሲባል የሚመልሰው መልስ ጥርጣሬ ይጨምራል።

በዚያ ላይ ሌላ የቆየ ጥርጣሬ ይጠብቀዋል። በግጭት ጊዜ በየከተማው «እብድ መስሎ የሚሰልል አለ» የሚል ወሬ ይነሣል። ወሬው ሥር የሌለው አይደለም፤ ቅዱስ መጽሐፍን የምታውቁ ዳዊት በጌት ንጉሥ በአንኩስ ፊት እብድ መስሎ ማምለጡን ታስታውሳላችሁ። አንኩስ እብድ ያለውን ሰው ሳይጎዳ ለቀቀ። በእኛ ዘመን ነገሩ ተገልብጧል። ዳዊት እብድ በመምሰሉ ዳነ፤ በእኛ ከተሞች በእውነት የታመመው ሰው «አስመሳይ ነው» ተብሎ ሊሞት ይችላል። ይህም በየትኛውም ወገን ጠመንጃ ፊት ያው ነው፤ ለኬላው ሰላይ ነው፣ ለጫካው ጠቋሚ ነው።

የአገራችን የወንጀል ሕግ በዚህ ረገድ መልካም ሕግ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በአንቀጽ 48 በሕመም ምክንያት የድርጊቱን ምንነት ማወቅ ወይም ራሱን መግታት ያልቻለ ሰው እንዳይቀጣ ይደነግጋል። አንቀጽ 49 ከፊል ኃላፊነትን ይመለከታል፤ አንቀጽ 51 ጥርጣሬ ሲኖር የባለሙያ ምርመራ እንዲደረግ ያዛል፤ ከአንቀጽ 129 እስከ 131 ያሉት ደግሞ በቅጣት ፈንታ ጥበቃና ሕክምና እንዲታዘዝ ይፈቅዳሉ። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ሰውየው በሕይወት ፍርድ ቤት ሲደርስ ነው። በሌሊት ኬላ ላይ አንቀጽ 51ን የሚያነብ የለም።

ምን እናድርግ?

ከፊታችን ያለው ሥራ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ክፍል አለው። በጉራጌ አካባቢ የተደረጉ ጥናቶች አጭር ሥልጠና የወሰዱ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች፣ ከሥነ አእምሮ ነርስ ጋር የሚወዳደር እንክብካቤ ሊሰጡ እንደሚችሉ አሳይተዋል። በሶዶ ወረዳ ደግሞ ከአካባቢው የተመለመሉ ሠራተኞች ቤት ለቤት ሄደው ቤተሰቡን፣ ዕድሩንና ካህኑን ሲያሳትፉ የሕመምተኞቹ የኑሮ አቅም ከሕክምና ብቻ ከሚገኘው በላይ ተሻሽሏል። ላስታ ካህን አይጎድላትም፣ ዕድርም አይጎድላትም። ጠበል የሚያጠምቁ አባቶች «ክኒንህን ውጠህ ተጠመቅ» ቢሉ፣ አንድ ስፔሻሊስት በዓመት ከሚደርስለት ሕመምተኛ የበለጠ ሰው ያድናሉ። ሰንሰለትን በተመለከተም እንዲሁ ነው። ቤተሰብ ልጁን በሰንሰለት የሚያስረው ከጭካኔ ይልቅ ከረዳት ማጣት ነው፤ ረዳት ሲመጣ ሰንሰለቱ ይፈታል።

ሌላው ሥራ የእያንዳንዱ መንደር ነው። በየቀበሌው የታመሙት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ሽማግሌዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያውቃሉ። ሽማግሌዎች መሣሪያ ከያዘ ከማንኛውም ወገን ጋር ሲነጋገሩ፣ «ይህ ሰው የእኛ ሕመምተኛ ነው፤ ሌሊት ብታገኙት ጥሩን» ብለው ቃል ማስገባት ይችላሉ። የሕመምተኞች ዝርዝር በማንም መሥሪያ ቤት መዝገብ ይያዝ ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለ መዝገብ ራሱ መሣሪያ ይሆናል። ቃሉ ግን በሽማግሌ አፍ ይበቃል። የወርኃዊ መርፌና ክኒን አቅርቦት ደግሞ መንገድ ሲዘጋ እንደ ኢንሱሊን ሁሉ በቅድሚያ ከሚታሰቡ መድኃኒቶች መካከል ሊቆጠር ይገባዋል።

ለእናንተ ለተማሪዎች የቀረውን ላንሣ። ከእናንተ መካከል ታሪክ የምታጠኑ፣ ሕግ የምታጠኑ፣ ጋዜጠኛ የምትሆኑ አላችሁ። ስለ አንድ ግድያ ስትጽፉ «የአእምሮ ሕመምተኛ ነው ተባለ» የሚል ወሬ ሲደርሳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ማን መረመረው? ሕመሙ ከድርጊቱ ጋር ምን አገናኘው? ይህን በመጻፌ ሳይመረመር የሚቀረው ማን ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ያዘዘውን፣ ያስታጠቀውን፣ ያነሣሣውን ሰው ያወጣል።

አባቶቻችን «የእብድ ገላጋይ ድንጋይ ያቀብላል» ይላሉ። ተረቱን ሁልጊዜ እብዱን እያየን እንተርተዋለን። ነገር ግን ተረቱ የሚወቅሰው እብዱን አይደለም፤ ገላጋዩን ነው። ጤነኛ ነው፣ በመካከል ቆሟል፣ ለሰላም የመጣ ይመስላል፤ ድንጋዩን የሚያቀብለው ግን እሱ ነው። በአገራችን ጠብ ውስጥ ከየስልኩ፣ ከየመድረኩ፣ አልፎ አልፎም ከዩኒቨርሲቲ ሰገነት ድንጋይ የምናቀብል ገላጋዮች ጥቂት አይደለንም። ስለ አእምሮ ጤና መነጋገር ከፈለግን፣ መጀመሪያ በእጃችን ያለውን ድንጋይ መሬት እናስቀምጥ። ከዚያ በኋላ ለታመመው ሐኪም፣ ለሸፈተው ሽማግሌ፣ ለገደለው ዳኛ እንላክ። የሦስቱን አድራሻ እስካላምታታን ድረስ ለሦስቱም የሚሆን ሰው በዚህ ደጋ አይጠፋም።